ዋስ ጥራ

የአንድ ብሎክ ነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ አድሚን መሆን ሹመት ነው ብሎ የሚቀናብኝ ካለ ዛሬውኑ መጥቶ ይረከበኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እኔ ተሹሜ የበላሁት ስድብ ብቻ ስለሆነ የተሻርኩ ዕለት ጠላ አስጠምቄ ጎረቤት እጠራለሁ። ሥልጣኑ የመጣብኝ ያለ ምርጫና ያለ ውድድር ነው። የቀድሞው አድሚን፣ አራተኛ ፎቅ ይኖር የነበረው ልጅ፣ ቤቱን አከራይቶ ዱባይ ሊሄድ ሻንጣውን ደረጃ ላይ እየጎተተ አገኘኝና «ጋሼ፣ እርስዎ አልፎ አልፎ ጋዜጣ ላይ ይጽፋሉ አይደል? አራት ነጥብ የት እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ይያዘው ብዬ ነው» አለኝ። እሱን የጫነው ታክሲ ከግቢው ሳይወጣ ስልኬ ጮኸ። ተሾምኩ።

መጀመሪያ ላይ ሥራው ቀላል ነበር። «መብራት የጠፋው እኛ ጋ ብቻ ነው?» የሚል ይመጣል፤ «እዚህም የለም» የሚል ይከተላል፤ ሁሉም ይጽናናል። ሰው ሲሞት የቀብር ሰዓት ይነገራል። የወደቀ ቁልፍ ባለቤቱን ያገኛል። አንዲት የሁለተኛ ፎቅ ሴት በየዓርቡ የሸኖ ቅቤዋን ታስተዋውቃለች፤ ኪሎው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደገባ፣ በየትኛው ስልክ እንደምትገኝ።

ከዚያ የውሃ ፓምፑ ተቃጠለ።

ፓምፑ ውሃውን ከታች ወደ ላይኛው ሮቶ የሚገፋው ነው። የኮሚቴው ሒሳብ ሹም እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ ፓምፑ ስለተቃጠለ ለማስጠገኛ ከየቤቱ 600 ብር እንድታዋጡ እየጠየቅን፣ አስተያየት ያለው በነፃነት መግለጽ ይችላል።» የመጨረሻዋን ሐረግ ምን አስጻፋቸው? ሰውየው ጨዋ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲያረቁ የኖሩ ናቸው፤ እዚያ እንዲህ ዓይነት ሐረግ የሚጻፈው ማንም እንደማይመልስ ታውቆ ነው።

የመጀመሪያው መልስ መልካም ነበር። ከምድር ቤት ነዋሪዎች አንዱ «ለእኔ ውሃው ሳይገፋ ይደርሰኛል፤ ያልተጠቀምኩበትን ለምን እከፍላለሁ?» አለ። ይሄ ክርክር ነው። የተጠቀመ ይክፈል የሚል ወገን አለ፤ የጋራ ዕቃ የጋራ ዕዳ ነው የሚልም አለ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚባል ሕግ አለ፤ የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ አለ፤ «ጣሪያው ሲያፈስስ የላይኛው ፎቅ ብቻ ይክፈል ወይ?» ብሎ መመለስም ይቻላል። እኔማ አራት ነጥቤን አዘጋጅቼ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።

የመጣው መልስ ስለ ፓምፕ አልነበረም። «ብቸኛው አንበሳ» የሚል ስም ያወጣ፣ በፊቱ ምትክ የአንበሳ ፎቶ የለጠፈ ሰው «አንተ ድሮም ከየት እንደመጣህ እናውቃለን» ብሎ ጻፈ። ከውሃ ግፊት ተነሥቶ ዘር ቆጠራ ላይ ለመድረስ አንድ መልእክት በቃው። ሌላው «እናንተ ሁልጊዜም እንዲህ ናችሁ» አለ፤ እናንተ የተባሉት ምድር ቤት ያሉት ናቸው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። «የእውነት ልጅ» የምትባል ደግሞ ስድስት ቃለ አጋኖ የተደረደረበት ሰበር ዜና ከሌላ ቦታ አምጥታ ጣለች። የከተማው ውሃ ተመርዟል ይላል፤ ማን እንዳለ አይልም፤ መቼ እንደሆነ አይልም። አንዱ ሰባት ደቂቃ የሚፈጅ ቮይስ ላከ። አድሚን አይደለሁ? እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ከበስተኋላ ሽንኩርት ይቁላላል፤ ሰውየው ስለ ዐድዋ ያወራል፤ ፓምፑ አንዴም አልተነሣም፤ ሽንኩርቱ ግን ሳያርር አልቀረም። በመካከል የቅቤዋ ሴት ብቅ ብላ «ለጋ ቅቤ ገብቷል» አለች። ያን ቀን ከተጻፈው ሁሉ ዋጋ፣ መጠንና አድራሻ ያለው ብቸኛው መልእክት የእሷ ነበር። እሷንም «ሕዝብ እያለቀ ቅቤ ትሸጫለሽ!» ብለው ወረዱባት።

ብቸኛው አንበሳ በበኩሉ ወደ ቤተሰብ ገባ። የምድር ቤቱን ሰውዬ እናት አንሥቶ የማልደግመውን ጻፈ። አጠፋሁት። መልእክቱን ማለቴ ነው።

ጉድ የፈላው ያኔ ነው። «ሳንሱር!» «አምባገነን!» «ይሄን ካድሬ ማን ሾመው?» (ለመጨረሻው ጥያቄ እኔም መልስ የለኝም።) አንዱ ስድቡን ሳላጠፋው ስክሪንሹት አንሥቶት ኖሮ «ሕዝቡ ምን እንደተደበቀበት ይወቅ» ብሎ መልሶ ለጠፈው። ሥራ ላይ ሆነው ያላዩት ሁሉ በአንዴ አዩት። የምድር ቤቱ ሰውዬም አየው። አምስተኛ ፎቅ ያለ የሕግ ተማሪ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 29 ይተይብ ጀመር፤ የመሰለውን አመለካከት መያዝ፣ ሐሳብን መግለጽ፣ መረጃ መቀበልና ማሰራጨት እያለ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ አንቀጹን አላጣመመም። እዚያው አንቀጽ ላይ ወረድ ሲሉ ግን ንዑስ አንቀጽ 6 አለ፤ የወጣቶችን ደህንነት፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሕግ ገደብ ሊያወጣ እንደሚችል፣ የጦርነት ቅስቀሳና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ ንግግርም ክልክል እንደሆነ የሚናገር። እዚያ ሳይደርስ ኔትወርክ ተቋረጠበት መሰለኝ።

አምባገነን መባሉን ቻልኩት። ሳንሱረኛ መባሉ ግን ከነከነኝ፤ ሳንሱር ምን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ገና አልሞትንም። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. አንድ ምሽት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት የሚመረመርበት አሠራር በሕግ የተሻረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ጋዜጠኛ መታሰሩ አልቀረም፤ ዞን 9 በሚል ስም ኢንተርኔት ላይ ይጽፉ የነበሩት ወጣቶች በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ተይዘው በሽብር ተከሰዋል። የሰው እናት ላይ የተወረወረ ስድብ ከአንድ ብሎክ ነዋሪዎች ግሩፕ ላይ ስላነሣሁ ስሜ ከዚህ ሁሉ ጋር የሚጠራበት ምክንያት አይታየኝም። ሳንሱረኛ ከበስተኋላው እስር ቤት አለው። ከእኔ በስተኋላ ያለው የተቃጠለ ፓምፕ ነው።

አንዳንድ አዛውንት ጎረቤቶቼ ደግሞ በዚህ አጋጣሚ «በእኛ ጊዜ ክርክር ክርክር ነበር» ማለት ይወዳሉ። እስቲ የእነሱን ጊዜ እንየው። በ1968 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አብዮታዊ መድረክ» የሚባል ዓምድ ነበር፤ ኢሕአፓና መኢሶን የተባሉት ተቀናቃኝ ድርጅቶች ሰዎች በብዕር ስም ተሟግተውበታል። ጽሑፎቹ ረጃጅም ናቸው፤ የሌኒን ስም ይበዛባቸዋል፤ ዛሬ ለሚያነባቸው ያደክማሉ። ግን አንዱ ሲመልስ የሌላውን ነጥብ አንብቦ ነው። ከዚያስ? ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ በእነዚያው ወገኖች መካከል ክርክሩ ወደ ጥይት ተዛወረ፤ ቀይ ሽብር መጣ። በደንብ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ማንንም አላዳነም። ይሄን ስነግራቸው ዝም ይሉና «የሆነስ ሆነና አማርኛችን ጥሩ ነበር» ይላሉ። እሱስ እውነት ነው።

የዛሬው የሚለየው ስድብ ደመወዝ ያገኘ መሆኑ ነው። ማታ ማታ ቲክቶክ ላይ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሆነው ይሞላለጫሉ፤ ተመልካቹ ጽጌረዳና አንበሳ እየገዛ ይልክላቸዋል፤ ጽጌረዳውም አንበሳውም ወደ ገንዘብ ይመነዘራል። ሐሳብ አለኝ የሚል ሰው ላይቭ ቢገባ የሚያዩት ሁለት ዘመዶቹና ተሳስታ የገባች አንዲት ልጅ ናቸው። የእኛው አንበሳ ያለ ክፍያ መሳደቡ እንዲያውም በጎ ፈቃደኝነት ነው።

መንግሥት ደግሞ የራሱ መድኃኒት አለው። ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተገደለ ማግሥት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ጠፋ፤ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውዝግብ ጊዜ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ተገደቡ። ያኔ አድሚን አልነበርኩም፤ ተራ አባል ሆኜ እታዘብ ነበር። ስድቡ የቀነሰ መስሏችኋል? የሦስተኛ ፎቋ እትዬ፣ ስልካቸውን ለማብራት እንኳ ልጃቸውን የሚጠሩት፣ ቪፒኤን መጫን ተምረው ለሌላው ያስተምሩ ጀመር። ተሳዳቢውም ጫነ። ያልቻለችበት የቅቤዋ ሴት ነበረች፤ ደንበኞቿ ጠፉባት።

አዋጅም አለ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣ፣ ቁጥሩ 1185/2012 የሆነ። ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ፆታን ወይም አካል ጉዳትን መነሻ አድርጎ ሆን ብሎ ጥላቻን ያስፋፋ እስከ ሁለት ዓመት ሊታሰር ወይም እስከ 100,000 ብር ሊቀጣ ይችላል፤ በንግግሩ የተነሣ ጥቃት ከደረሰ እስራቱ እስከ አምስት ዓመት ይሄዳል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ላሰራጨ ደግሞ ለብቻው የተጻፈ ቅጣት አለ፤ ይሄ እንኳ እኛን አይመለከትም፤ ብሎካችን ከነድመቶቹ ቢቆጠር 5,000 አይሞላም። የሕግ ተማሪው፣ ያው አንቀጽ 29ን የተየበው ልጅ፣ ማታ በግል ጻፈልኝና «ጋሼ፣ አንበሳውን በዚህ አዋጅ ለምን አንከሰውም?» አለኝ። ቀን ነፃነት፣ ማታ ክስ! እምቢ አልኩት። ፖሊስ በአንድ ግቢ ግሩፕ ውስጥ ማንበብ ከጀመረ አንበሳው ላይ አያቆምም፤ ነገ የኮሚቴውን ሒሳብ የጠየቀችውን ሴት «ሐሰተኛ መረጃ» ብሎ ይጠራታል። ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የሚለይልን ሰው ደግሞ ሥልጣን ባለው ወገን የተሾመ ነው።

ይሄን ስላልኩ «ቃል ምን ያመጣል?» ከሚሉት ጋር አትደምሩኝ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት ማዕረግ አማረ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጅ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ፌስቡክ ላይ ስማቸውና ፎቷቸው እየተለጠፈ ሲወነጀሉ ነበር። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለኩባንያው ደጋግሞ ማመልከቱን፣ ሰሚም ማጣቱን ይናገራል፤ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ያለው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። አባትን የወነጀለው ቃል አባት ዘንድ ለመድረስ ጥቂት ሳምንታት በቁት፤ ልጅ «ፍርድ ቤቱ ሊያየው ይችላል» እስኪባል ድረስ ግን ዓመታት ጠበቀ። እንዲህ ያለው ነገር የአድሚን ጉዳይ አይደለም፤ የሕግ ነው፤ ገንዘቡን የሚያገኘውም ኩባንያ በፍርድ ቤት ቆሞ መመለስ አለበት። ስለ ሰው ሕይወት ሲሆን ከልቤ ሕግ እጠራለሁ። ስለ 600 ብር ግን ሕግ አልጠራም።

ታዲያ ማንን ልጥራ? አባቶቻችን ሲሟገቱ ያደርጉት የነበረው ትዝ አለኝ። በላ ልበልሃ ሲባል አፍ አይዘጋም፤ ተሟጋቹ ይቀኛል፣ ይዘርፋል፣ ባላንጣውን በሰምና ወርቅ ይሸነቁጣል፤ የተሰበሰበው ሰው ይስቃል። ዳኛ ከጠፋ መንገደኛ በንጉሥ አምላክ ተብሎ ይቆማል። ግን ተሟጋቹ ዋስ ይጠራል፤ በነገሩ ይወራረዳል፤ ከተረታ ይከፍላል። ባላንጣውም ክንድ በማትሞላ ርቀት ፊት ለፊቱ ቆሟል። ስለዚህ ግሩፑ ላይ ደንብ አወጣሁ፦ በፓምፑ ጉዳይ የሚናገር ሰው ስሙንና የቤት ቁጥሩን ይጻፍ፣ ከጎረቤት አንድ ዋስ ይጥራ፣ ያለው ነገር ሐሰት ሆኖ ከተገኘ አንድ ሳጥን ቢራ ያስገባ፤ ለማይጠጡ ለስላሳ ይፈቀዳል። በላዩም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኮሚናሉ ውስጥ ስብሰባ ጠራሁ።

ኮሚናሉ ሞላ። እንዲያ ዓይነት ጨዋ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። «ኧረ እርስዎ ይቀመጡ»፣ «ኖር»፣ «በእግዜር» ሲባባሉ ወንበር የሚይዝ ጠፋ። ብቸኛው አንበሳ ማን እንደሆነ ጥበቃችን በጆሮዬ ሹክ አለኝ፤ ጥበቃ የማያውቀው ነገር የለም። ቀጭን፣ ዓይን አፋር፣ ባንክ ቤት የሚሠራ ልጅ ነው። የምድር ቤቱ ሰውዬ እናት ስትገባ ከሁሉ ቀድሞ ብድግ አለና ጉልበቷን ሊስም አጎነበሰ። እሷም «ተባረክ፣ እደግ» አለችው። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

ሐሳብ ስጡ ሲባል ማንም ሐሳብ አልነበረውም። ዋስ የጠራም የለም፤ የተከራከረ ስለሌለ። ምድር ቤት ያሉት ግማሹን ይክፈሉ ተባለ፤ ተጨበጨበ፤ ሻይ ተጠጣ። ገና ደረጃውን ስወጣ ስልኬ ጮኸ። «የዛሬው ስብሰባ ድራማ ነበር» ይላል። ብቸኛው አንበሳ ነው፤ ከእኔ ሁለት ደረጃ ወደ ላይ እየወጣ ይተይባል፤ ጀርባውን አየዋለሁ።

ሳቄ ሳያልቅ ሌላ መልእክት መጣ። «ዝም አይነቅዝም» የሚል ስም ያለው ሰው፣ ማን እንደሆነ ጥበቃው እንኳ አያውቅም፣ «ባለፈው ዓመት ለፓምፑ መጠባበቂያ ተብሎ የተዋጣው ገንዘብ የት ገባ?» ብሎ ጠየቀ። ከፓምፑ መቃጠል ወዲህ የተጠየቀ ምርጥ ጥያቄ ነው። ኮሚናሉ ውስጥ ለምን አልተጠየቀም? ሒሳብ ሹሙ ፊት ለፊት ተቀምጠዋላ! ነጭ ፀጉር አላቸው፤ ሠርግም ለቅሶም ይደርሳሉ፤ ማን አፍ አውጥቶ ይጠይቃቸው? ይሉኝታ ስድቡን እንደያዘው ሁሉ ጥያቄውንም ይዞት ነበር። ሒሳብ ሹሙ መጀመሪያ ተቆጡ፤ በነጋታው ግን ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንሥተው ለጠፉ። ገንዘቡ ለበር መቆለፊያና ለደረጃ አምፖል ወጥቷል፤ በቃለ ጉባኤ አልተያዘም እንጂ አልተበላም። ስም የደበቀ ሰው ያመጣው ንጹሕ ሒሳብ ነው። ስለዚህ ደንቡን ቀየርኩት። ስም ሳይጽፉ መጠየቅ ይቻላል፤ የሌላ ሰው ስም ማንሣት የፈለገ ግን መጀመሪያ የራሱን ይጽፋል።

ይሄ ለአንበሳው አልተመቸውም። «ነፃው የብሎካችን ድምፅ» የሚባል አዲስ ግሩፕ ከፈተ፤ ሳንሱር የሌለበት፣ ሁሉም እንደልቡ የሚናገርበት ብሎ። ከግማሽ በላይ ነዋሪ እኔን ጥሎ ሄደ። የሆነውን ለመስማት እኔም በልጄ ስልክ ገባሁ። መጀመሪያ የተሰደበው ራሱ አንበሳው ነበር፤ እዚያ ለመሳደብ ስም አይጠየቅማ። ብዙም ሳይቆይ ከአድሚኑ በቀር ማንም እንዳይጽፍ ዘጋው። አሁን ጠዋት ጠዋት ጥቅስ፣ ማታ ማታ የአንበሳ ፎቶ ይለጥፋል። ሰዉ አንድ በአንድ ወደ እኛ እየተመለሰ ነው፤ የቅቤዋ ሴትማ መጀመሪያውንም አልሄደችም፤ ሰው ያለበትን ገበያ ታውቃለች።

እኔ በሹመቴ እቀጥላለሁ፤ እናት የሚሰድብ መልእክት ሳይ ማንንም ሳላስፈቅድ አነሣለሁ፤ ለፖሊስም አላመለክትም። ይሄን አንብቦ የሚከራከረኝ ካለ ደስ ይለኛል። አዋጁን ጠቅሶ፣ ታሪኩን አርሞ፣ በላ ልበልሃ ብሎ ይምጣ፤ ጋዜጣው ቦታ ይሰጠዋል። የተወለድኩበትን አገር ግን አይጠይቀኝ፤ ለውሃ ግፊት መልስ አይሆንም።